ጨረሩ አይዞርም፦ በሲሊከን አንቴና ዲዛይን ላይ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

የመመረቂያ ሥራ ሰሞን ሲደርስ አንድ ዓይነት ፋይል ይላክልኛል። ርዕሱ ያምራል፤ «የሚስተካከል የሲሊከን ኦፕቲካል አንቴና» ይላል። ከቺፕ ወደ አየር የብርሃን ጨረር የሚልክ፣ ጨረሩንም የሚያዞር አንቴና ማለት ነው። ስከፍተው አንቴናው አለ። ጥርሶቹ አሉ። በቀይና በሰማያዊ የደመቀ የጨረር ምስልም አለ። የሚስተካከለው ነገር ግን የለም። መጨረሻው ገጽ ላይ «ወደፊት ሂተር (ማሞቂያ) በመጨመር ጨረሩን ማዞር ይቻላል» የምትል አንዲት መስመር ተወሽቃለች። በቃ፣ ያቺው ናት።

ይህን የምጽፈው ለእነዚያ ልጆች ነው። ጅማ ውስጥ ኪቶ አካባቢ ካፌ ቁጭ ብለው፣ ቡናቸው እየቀዘቀዘ፣ ሲሙሌሽን እስኪያልቅ ላፕቶፕ ላይ የሚያፈጡትን ማለቴ ነው። ጎበዞች ናቸው፣ እወዳቸዋለሁ፣ ግን አንዳንዴ ትዕግሥቴን ያስጨርሱኛል። ዌቭጋይድ ምን እንደሆነ፣ ሞድ ምን እንደሆነ እዚህ አላብራራም። እሱን ካላወቃችሁ መጀመሪያ አንብቡና ተመለሱ። ቁጥሮቼ በሙሉ ለተለመደው ዋፈር (ቺፕ ለሚሠራበት የሲሊከን ሰሌዳ) ናቸው፦ 220 ናኖሜትር ሲሊከን፣ ከሥሩ 2 ማይክሮን ኦክሳይድ፣ የብርሃኑ የሞገድ ርዝመት 1550 ናኖሜትር።

ማስተካከሉን መጨረሻ ላይ ማሰብ

እዚህኛው ላይ እረዝማለሁ፣ ታገሡኝ።

ሶፍትዌሩን ከመክፈታችሁ በፊት ወረቀት አውጡ። ግሬቲንግ አንቴና (ዌቭጋይድ ላይ ተደጋጋሚ ጥርሶች የተቀረጹበት) ጨረሩን የሚልክበት አንግል በአንድ መስመር ቀመር ይገኛል። የሞዱን ኢንዴክስ (ብርሃኑ ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚነግረውን ቁጥር) ውሰዱ። የሞገድ ርዝመቱን ለጥርሶቹ ፔሬድ (ከአንዱ ጥርስ እስከ ቀጣዩ ላለው ርቀት) አካፍሉና ከሱ ላይ ቀንሱ። የቀረው ቁጥር፣ ጨረሩ ወደ አየር ሲወጣ፣ የአንግሉ ሳይን ነው። ኢንዴክሱ 2.6፣ ፔሬዱ 638 ናኖሜትር ነው እንበል። 1550 ለ638 ሲካፈል 2.43 ይሆናል። ከ2.6 ሲቀነስ 0.17 ይቀራል። አንግሉ 10 ዲግሪ ገደማ ነው ማለት ነው። ካልኩሌተር እንኳ የስልካችሁ ይበቃል።

አሁን አሙቁት። የሲሊከን ኢንዴክስ በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሺየስ የሚጨምረው በ0.000186 ገደማ ነው። አንቴናውን በ100 ዲግሪ ብታሞቁት፣ ያውም ይህ ቀላል ሙቀት አይደለም፣ ኢንዴክሱ በ0.0186 ከፍ ይላል። ቀመሩ ውስጥ መልሳችሁ ክተቱት። ጨረሩ የዞረው በአንድ ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። መቶ ዲግሪ ሙቀት ለአንድ ዲግሪ አንግል! ፕሮፖዛሉ ላይ የተጻፈው ግን «ግራና ቀኝ 20 ዲግሪ የሚዞር» ነው።

«እሺ፣ በሙቀት ካልሆነ በቮልቴጅ እናድርገዋ» ይሉኛል። በምን? ቮልቴጅ ብቻ ሰጥቶ ኢንዴክስ የሚቀይረው የፖከልስ ኢፌክት ንጹሕ ሲሊከን ውስጥ የለም፤ የክሪስታሉ አሠራር አይፈቅድለትም። የቀረው ኤሌክትሮንና ሆል (ኤሌክትሮን የጎደለበት ቦታ) እያስገቡ እያስወጡ መሥራት ነው። ተመራማሪዎቹ ሶሬፍና ቤኔት እ.ኤ.አ. በ1987 ያወጡት ቀመር ለዚህ እስከ ዛሬ ይሠራል። በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር 10 ኃይል 18 ኤሌክትሮንና ያንኑ ያህል ሆል ብታስገቡ ኢንዴክሱ በ0.003 ገደማ ይቀንሳል። በአንግል ሲሰላ 0.17 ዲግሪ ነው። ለዚህች ለውጥ የምትከፍሉት ብክነት ደግሞ በሴንቲሜትር ከ60 ዴሲቤል በላይ ነው። ለፈጣን ሞጁሌተር (ብርሃን ላይ መረጃ ለሚጭነው) ጥሩ ነው፣ ምክንያቱም እዚያ የሚፈለገው ትንሽ ለውጥ በፍጥነት ነው። ረጅም አንቴና ውስጥ ግን ብርሃኑን ይውጠዋል።

አሁን ሙቀቱንም ቮልቴጁንም ተዉና የሌዘሩን የሞገድ ርዝመት ቀይሩ። በ1 ናኖሜትር ጨረሩ 0.14 ዲግሪ ይዞራል። 100 ናኖሜትር የሚሄድ ሌዘር ካላችሁ 14 ዲግሪ አገኛችሁ። ልዩነቱን አያችሁት? እ.ኤ.አ. በ2009 የቤልጂየሙ ጌንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሲሊከን ላይ ያሳዩት የአንቴናዎች ድርድር ይህንኑ ይናገራል። 16 ግሬቲንጎችን በ2 ማይክሮን ርቀት ደረደሩ። በአንዱ አቅጣጫ በሌዘሩ የሞገድ ርዝመት 14.1 ዲግሪ አዞሩ። በሌላው አቅጣጫ፣ በአንቴናዎቹ መካከል ያለውን የፋዝ ልዩነት (አንዱ ሞገድ ከሌላው የሚቀድምበትን መጠን) በሙቀት እየቀየሩ፣ 2.3 ዲግሪ አዞሩ። ለዚያ ጊዜ ትልቅ ሥራ ነበር። ልብ በሉ፣ ሙቀቱን የተጠቀሙበት የአንዱን አንቴና አንግል ለመቀየር ሳይሆን በጎረቤቶቹ መካከል ፋዝ ለመፍጠር ነው። የሙቀት ቦታው እዚያ ነው።

ስለዚህ ጥርስ ከመሣላችሁ በፊት ሦስት ነገር ወረቀቱ ላይ ይጻፍ። ጨረሩ በየትኛው አቅጣጫ ነው የሚዞረው? በምን ነው የሚዞረው? ስንት ዲግሪ? ሦስተኛው መልስ ከሁለተኛው ጋር ካልታረቀ ሌላው ሁሉ ጌጥ ነው።

አንድ ጊዜ አንድ ልጅ «ቲቸር፣ ጨረሩኮ ዞረ!» ብሎ በደስታ መጣ። እውነትም ዞሯል፣ 1 ዲግሪ። የአንቴናው ርዝመት 20 ማይክሮን ነው። 20 ማይክሮን ርዝመት ያለው አንቴና የሚሠራው ጨረር ስፋቱ ራሱ 4 ዲግሪ ገደማ ነው። የጨረሩ ስፋት 4 ሆኖ በ1 ሲንቀሳቀስ ማን ነው ልዩነቱን የሚያየው? ሁለቱን ሥዕሎች ጎን ለጎን አስቀምጠን አየናቸው። የቱ የሞቀው፣ የቱ ያልሞቀው እንደሆነ እሱም ሊለየው አልቻለም።

ለፋይበር የተሠራ ግሬቲንግ ኮፒ ማድረግ

ከላይ ያለው የ20 ማይክሮን ችግር የሚመጣው ከዚህ ነው። የፋብሪካው ላይብረሪ ውስጥ የተሞከረ ግሬቲንግ ካፕለር አለ፣ 70 ናኖሜትር የተቀረጸ። ልጆቹ ያንን ያወጡና «አንቴና» ብለው ስም ይሰጡታል። እሱ የተሠራው ግን ብርሃኑን ወደ ፋይበር ለማስገባት ነው። የፋይበሩ ሞድ ስፋት 10 ማይክሮን ገደማ ስለሆነ ብርሃኑ ቶሎ፣ በአጭር ርቀት፣ መውጣት አለበት። አንቴና የሚፈልገው ተቃራኒውን ነው። ጨረሩ ቀጭን እንዲሆን ብርሃኑ ረጅም መንገድ እየሄደ ቀስ ብሎ መውጣት አለበት። 1 ሚሊሜትር ሙሉ ወጥ ሆኖ ካበራ የጨረሩ ስፋት 0.08 ዲግሪ ይሆናል። በ20 ማይክሮን ካለቀ 4 ዲግሪ።

«ታዲያ አንቴናውን 1 ሚሊሜትር አድርጌዋለሁ» ይላሉ። ጥርሱ ያው ጥርስ ከሆነ ርዝመቱ ምን ያደርጋል? ለአትክልት ማጠጫ የተበሳ የውሃ ጎማ አስቡ። መጀመሪያ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ትልልቅ ከሆኑ ውሃው እዚያው ያልቃል፣ የጎማው ጫፍ ደረቅ ነው። ጎማውን ብታስረዝሙት ለውጥ የለውም። ቀዳዳዎቹን ማጥበብ፣ ወደ ጫፉ ሲሄዱ ደግሞ እያሰፉ መሄድ ነው መፍትሔው። አንቴናውም እንዲሁ ነው። የመጀመሪያዎቹ ጥርሶች ደካማ፣ የመጨረሻዎቹ ጠንካራ ይሁኑ፣ ያኔ ብርሃኑ በርዝመቱ ሁሉ እኩል ይወጣል።

ችግሩ ሲሊከን ከሚገባው በላይ ጠንካራ መሆኑ ነው። ኢንዴክሱ 3.48 ገደማ ነው፣ የኦክሳይዱ 1.44። ትንሽ ብትነኩት ብዙ ብርሃን ይወጣል። ሲሙሌሽኑ «የጎኑን ጥርስ 5 ናኖሜትር አድርገው» ይላችኋል። ልጆቹም አሜን ብለው ይሥሉታል። የትኛው ፋብሪካ ነው በ1 ሚሊሜትር ሙሉ 5 ናኖሜትር ጥርስ እኩል አድርጎ የሚቀርጽላችሁ? የሚመለሰው ቺፕ ላይ ጥርሱ ወይ ጠፍቷል ወይ ተዛብቷል። ሌላ መንገድ አለ። ከሲሊከኑ በላይ ቀጭን የሲሊከን ናይትራይድ ንጣፍ ይደረጋል፣ ጥርሶቹ እሱ ላይ ይቀረጻሉ። የናይትራይድ ኢንዴክስ 2 ገደማ ስለሆነ ብርሃኑን በእርጋታ ነው የሚያወጣው። ጥርሱም ፋብሪካ ሊሠራው የሚችል መጠን ይኖረዋል። ፋብሪካው ናይትራይድ ከሌለው በጣም ጥልቀት የሌለው ቅርጽ እንዳለው ጠይቁ። ሁለቱም ከሌሉት የ1 ሚሊሜትሩን ሕልም ተዉት፣ በአጭር አንቴና ሌላ ጥያቄ መልሱ።

አንቴናውን ራሱን በአንድ ሂተር ማሞቅ

ይህ ከላይ ካሉት ከሁለቱ ስህተቶች ይወለዳል። ሰውዬው ረጅም አንቴና ሠራ፣ ደስ አለው። አሁን አንዱ ጫፍ ላይ ሂተር ያስቀምጣል። ሙቀቱ በርዝመቱ እኩል አይዳረስም። አንዱ ጫፍ ሲሞቅ ሌላው ቀዝቃዛ ነው። የሞቀው ክፍል ጨረሩን ወደ አንድ አንግል ይልካል፣ የቀዘቀዘው ወደ ሌላ። ከላይ ያለውን ቁጥር አስታውሱ፣ 100 ዲግሪ ለ1 ዲግሪ አንግል። የጨረራችሁ ስፋት 0.08 ዲግሪ ከሆነ በሁለቱ ጫፎች መካከል የ8 ዲግሪ የሙቀት ልዩነት ብቻ ጨረሩን ያበላሸዋል። ዞረ የምትሉት ጨረር በእውነቱ ተበትኗል። ማሞቅ ካለባችሁ በሙሉ ርዝመቱ እኩል አሙቁ፣ የሙቀት ሲሙሌሽኑንም ከብርሃኑ ሲሙሌሽን ጋር አያይዙት። «ሙቀቱ ወጥ ነው እንበል» የሚለውን መስመር ሳየው ገጹን መዝጋት ያምረኛል።

በራዲዮ አስተሳሰብ መምጣት

ከቴሌኮም ለመጡ ልጆች አንድ ነገር ብቻ። የብረት ዲፖል በግማሽ የሞገድ ርዝመት ቆርጦ መሥራት እዚህ አይሠራም፤ ብረት በዚህ ድግግሞሽ ብርሃኑን ይበላዋል፣ ለዚህም ነው ሲሊከን የምንጠቀመው።

በአንቴናዎች መካከል ያለውን ርቀት ችላ ማለት

የራዲዮ ሰዎች ግን አንድ ነገር በደንብ ያውቃሉ፣ ግሬቲንግ ሎብ። የእኛዎቹ ልጆች ይረሱታል። አንቴናዎቹ ከግማሽ የሞገድ ርዝመት በላይ ከተራራቁ ከዋናው ጨረር ሌላ መንታ ጨረሮች ይወጣሉ። ግማሹ 775 ናኖሜትር ነው። ልጆቹ 2 ማይክሮን ያደርጉታል፣ ለመሥራት ስለሚመች። ያኔ ዋናው ጨረር ቀጥ ብሎ ሲወጣ መንታው በ51 ዲግሪ ላይ ይወጣል። ዋናውን ወደ ቀኝ 20 ዲግሪ ስታዞሩት መንታው ከግራ በ26 ዲግሪ ላይ ብቅ ይላል። የትኛው ነው የእናንተ? ያለ ውዥንብር የምትጠቀሙበት ግራና ቀኝ 23 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። ሪፖርቱ ላይ ግን የመንታው ግራፍ ተቆርጦ ይቀርባል። አግድሙ ከግራ 30 እስከ ቀኝ 30 ዲግሪ ብቻ ነው፣ ጨረሩም ቀጥ ያለው ብቻ። አይቻለሁ፣ አትቁረጡ።

«ታዲያ 775 እናድርገው» ማለትም ብቻውን አይበቃም። ዌቭጋይዱ 450 ናኖሜትር ስፋት ካለው በሁለቱ መካከል የሚቀረው 325 ናኖሜትር ነው። በዚያ ርቀት ጎን ለጎን ጥቂት መቶ ማይክሮን ሲሄዱ ብርሃኑ ወደ ጎረቤቱ ይሻገራል። በጥንቃቄ የሰጣችሁት ፋዝ ሁሉ ይደባለቃል። የሚደረገው የጎረቤቶቹን ስፋት ማለያየት ነው። አንዱ ጠባብ፣ አንዱ ሰፊ ሲሆን የሞዶቹ ፍጥነት ስለማይገጥም ብርሃኑ በቀላሉ አይሻገርም። ስፋቱ ሲለያይ ግን አንግሉም ይለያያል፣ ስለዚህ ፔሬዳቸውን ለየብቻ አስተካክሉት። ይህንን ሁለተኛውን ግማሽ የሚረሱት ብዙ ናቸው። ሌላው መንገድ አንቴናዎቹን ባልተስተካከለ ርቀት መበተን ነው። መንታው ይጠፋል፣ ጉልበቱ ግን አይመለስም፤ በየአቅጣጫው ይበተናል።

እ.ኤ.አ. በ2013 የአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 64 በ64፣ ማለትም 4096 አንቴናዎች በአንድ ቺፕ ላይ አሳይተው ነበር። የአንቴናዎቹ ርቀት 9 ማይክሮን ነው። መንታዎቹ በየ10 ዲግሪው ይመጣሉ ማለት ነው። እነሱ የፈለጉት ያን ያህል አንቴና ፋዙ ተጠብቆ በሩቅ መስክ (ከቺፑ ርቆ) የተወሰነ ምስል ሊሠራ እንደሚችል ማሳየት ነበር፣ አሳዩትም። የእናንተ ዓላማ ሰፊ ቦታ መቃኘት ከሆነ ያንን ርቀት አትቅዱ። ታዋቂ ስለሆነ ብቻ ለሁሉም ነገር ልክ አይሆንም።

ቀጥ ብሎ ወደ ላይ እንዲወጣ መፈለግ

ለመለካት ይመቻል ብለው ጨረሩን 0 ዲግሪ ላይ ያደርጉታል። በዚያ ነጥብ ላይ ግሬቲንጉ ብርሃኑን ወደ መጣበት መልሶ ያንጸባርቃል። ከ8 እስከ 10 ዲግሪ አዘንብሉት። ጨረሩ ሲዞር 0ን እንዳያቋርጥም አስቡ፤ ቢያቋርጥ መሃል ላይ ጉልበቱ ድንገት ይወድቃል።

ወደ ታች የሚሄደውን ብርሃን መርሳት

ጥርሱ ከላይም ከታችም ተመሳሳይ ከሆነ ግማሽ ያህሉ ብርሃን ወደ ታች ይሄዳል። ያም እንደሄደ አይቀርም። ኦክሳይዱን አልፎ ከሥር ያለው ሲሊከን ላይ ደርሶ ከፊሉ ይመለሳል። ከላይኛው ጋር ይደመር ወይም ይጣፋ የሚወስነው የኦክሳይዱ ውፍረት ነው። ሲሙሌሽኑ ውስጥ ከሥር ኦክሳይድ ብቻ አድርገው፣ ሲሊከኑን ሳይጨምሩ፣ «70 በመቶ ወደ ላይ» የሚል ውጤት የሚያመጡ አሉ። የዋፈሩን ንጣፍ ሁሉ ክተቱ። ጥርሱንም በሁለት ጥልቀት፣ ደረጃ አድርጎ፣ ብትቀርጹት ብርሃኑ ወደ ላይ ያደላል።

ሲሙሌሽን ላይ የሚሠሩ ጥፋቶች

ፈጠን ብዬ ልለፋቸው።

ባለ ሁለት ዳይሜንሽን ሲሙሌሽን ላይ ፖላራይዜሽን መገልበጥ። ከጎን በኩል ስታዩት የዌቭጋይዱ ዋና ሞድ የኤሌክትሪክ ፊልድ ወደ እናንተ፣ ከስክሪኑ ወደ ውጭ ነው የሚያመለክተው። ሚፕ (የሲሙሌሽን ሶፍትዌሩ) ላይ ያንን ኮምፖነንት ካልመረጣችሁ የሌላ ሞድ ግሬቲንግ እየሠራችሁ ነው። ፔሬዱ «ከወረቀቱ ጋር አልገጠመም» እያላችሁ ሁለት ሳምንት ትለፋላችሁ።

ክላዲንጉን (ከዌቭጋይዱ በላይ ያለውን ሽፋን) በአየር ማስላት። ቺፑ ላይ ኦክሳይድ ይደፋበታል፣ ኢንዴክሱም ይቀየራል። አንግሉንም ኦክሳይዱ ውስጥ ለክቶ ሪፖርት ማድረግ ሌላው ነው። ኦክሳይዱ ውስጥ 10 ዲግሪ የሆነ ጨረር አየር ላይ 14.5 ዲግሪ ነው።

የሜሹን (ሲሙሌሽኑ ቦታውን የሚከፋፍልበትን መረብ) ነጥቦች ማሳነስ። ብርሃኑ ሲሊከን ውስጥ ሲሆን የሞገድ ርዝመቱ 445 ናኖሜትር ገደማ ነው። በዚያ ላይ ቢያንስ 20 ነጥብ ይኑራችሁ። ከዚያ ነጥቦቹን እጥፍ አድርጋችሁ ውጤቱ እንደማይቀየር አሳዩ። ያንን ሳያሳይ «ኦፕቲማይዝ አድርጌዋለሁ» የሚለኝን አላምነውም።

ሦስት ዳይሜንሽን ላይ በቀጥታ መዝለል። በክረምት ጅማ መብራት መቼ እንደሚሄድ ማን ያውቃል? ሌሊቱን ሙሉ የሮጠ ሲሙሌሽን ሊነጋ ሲል አብሮት ይሄዳል። በሁለት ዳይሜንሽን ጀምሩ፣ አብዛኛውን ነገር እዚያ ትጨርሳላችሁ። ትልቁን ስታሮጡ ደግሞ በየመሃሉ ውጤት የሚያስቀምጥ መስመር ጻፉ። ሶፍትዌር ለመግዛት ገንዘብ የለኝም የሚል ሰበብ አልቀበልም። ሚፕ፣ የቺፕ መሣያዎቹ ጂዲኤስፋክቶሪና ኬሌይአውት ሁሉም በነጻ ናቸው። ላፕቶፓችሁ ካልቻለ ችግሩን አሳንሱ።

ፋዙ ሁሉ ከዜሮ ይጀምራል ብሎ ማመን

ይህኛው ከሞኝነት ሳይሆን ቺፕ በእጅ ይዞ ካለማወቅ የሚመጣ ነው፣ ስለዚህ በፍቅር ነው የምናገረው። እኛ ቺፕ የምናሠራው በሰው አገር፣ ከሌሎች ጋር ዋፈር ተጋርተን ነው። ፋይል እንልካለን፣ ወራት እንጠብቃለን። ሲመጣ ከሣልነው ጋር ፍጹም አንድ አይሆንም።

የዌቭጋይዱ ስፋት በ1 ናኖሜትር ቢሳሳት ኢንዴክሱ በ0.002 ገደማ ይቀየራል። ምንም አይመስልም። ብርሃኑ 1 ሚሊሜትር ሲሄድ ግን የመንገዱ ልዩነት 2 ማይክሮን ይሆናል። የሞገድ ርዝመቱ 1.55 ማይክሮን ነው። ከአንድ ሙሉ ዑደት በላይ ስቷል ማለት ነው። በውፍረቱ ላይ ያለ ስህተት ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው። ስለዚህ 64 አንቴና ያለው ቺፕ መጀመሪያ ሲበራ የሚወጣው ያ ያማረ ጨረር አይደለም። ብትንትን ያለ ነጠብጣብ ነው። አንዷ ተማሪ ይህንን ካሜራ ላይ አይታ ቺፑ ተበላሽቷል ብላ ልታለቅስ ደርሳ ነበር። ቺፑ ደህና ነበር። ማስተካከል ብቻ ነው የሚፈልገው።

ማስተካከል ማለት በሩቅ መስክ ላይ ካሜራ አድርጎ፣ የእያንዳንዱን ሂተር ጉልበት ጥቂት ጥቂት እየቀየሩ፣ በምትፈልጉት አንግል ላይ ብርሃኑ እስኪደምቅ መሄድ ነው። ለእያንዳንዱ አንግል የሂተሮቹን ቁጥር ሠንጠረዥ ላይ ታስቀምጣላችሁ። ይህ እንዲቻል እያንዳንዱ ሂተር ለብቻው መታዘዝ አለበት፣ ፋዙንም ሙሉ ዑደት መቀየር መቻል አለበት። «ሽቦ ለመቆጠብ» ብለው ሂተሮቹን በአንድ ላይ የሚያስሩ አሉ። በሲሙሌሽን ላይ ይሠራል። እውነተኛው ቺፕ ላይ ግን የማረሚያ መንገድ የለውም። ወደ ፋዝ መቀየሪያው የሚሄዱትን መንገዶችም አሳጥሩ፣ በማይታጠፍበት ቦታ ደግሞ ዌቭጋይዱን አስፉት፤ ሰፊ ዌቭጋይድ ለስፋት ስህተት ያን ያህል አይጨነቅም።

የጉልበት ሒሳብ አለመሥራት

100 ማይክሮን ርዝመት ያለው ዌቭጋይድ ፋዙን በግማሽ ዑደት ለመቀየር ወደ 42 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል። ተራ ሂተር ለዚህ 25 ሚሊዋት ገደማ ይበላል። 64 ሂተር በአማካይ ግማሽ ዑደት ላይ ቢሠራ 1.6 ዋት ነው። ጥፍር በምታክል ቺፕ ላይ! ያ ሁሉ ሙቀት የት ይሄዳል? ወደ ጎረቤቱ ዌቭጋይድ። አንዱን ስታሞቁ ሌላው ፋዙ ይቀየራል፣ እሱን ስታርሙ የመጀመሪያው ይዛባል። በሂተሮቹ መካከል ጉድጓድ ማስቆፈርና ከሥር ያለውን ሲሊከን ማስነሳት ጉልበቱን በጣም ይቀንሳል፣ በምትኩ ፍጥነቱ ይዘገያል። ፋብሪካው ያንን የሚሠራ መሆኑን ፋይሉን ከመላካችሁ በፊት ጠይቁ። ቺፑም ከሥሩ የሙቀት መቆጣጠሪያ ያስፈልገዋል። የጅማ ከሰዓት ፀሐይና የማታ ዝናብ አንድ ዓይነት ልኬት አይሰጧችሁም።

የሚገባውን ብርሃን ዝም ብሎ መጨመር

ጨረሩ ደከመ ብሎ ሌዘሩን ማናር። የ1550 ናኖሜትር ፎቶን 0.8 ኤሌክትሮንቮልት ነው፣ ሲሊከን ብርሃን ለመዋጥ የሚፈልገው የኃይል ክፍተት 1.12። አንዱ ብቻውን አይዋጥም፣ ሁለቱ አብረው ሲመጡ ግን ይዋጣሉ። ብርሃኑ ገና ሳይከፋፈል የሚያልፍበት የመጀመሪያው ዌቭጋይድ ላይ ይህ ይታያል። ያንን ክፍል በናይትራይድ አሠሩት።

ፓዶቹን መርሳት

መጨረሻ ላይ የሚመጣ፣ ግን መጀመሪያ መታሰብ የነበረበት። 64 ሂተር ካለ የጋራ መመለሻውን ጨምሮ 65 ፓድ (ሽቦ የሚያያዝበት የብረት ቦታ) ያስፈልጋል። በ100 ማይክሮን ርቀት ከተደረደሩ 6.5 ሚሊሜትር ይወስዳሉ። የተሰጣችሁ ቺፕ 5 በ5 ሚሊሜትር ነው እንበል። አንዱ ጠርዝ አይበቃም። ሌላኛው ጠርዝ ላይ ፋይበሩ ይገባል። ከላይ ደግሞ ካሜራው ጨረሩን ያያል፣ ስለዚህ ሽቦው በአንቴናው ላይ ማለፍ አይችልም። ይህን ሁሉ ፋይል መላኪያው ቀን ዋዜማ ላይ፣ ከምሽቱ አምስት ሰዓት፣ ደውለው የሚጠይቁኝ አሉ። በዚያ ሰዓት ያለኝ መልስ አንድ ነው፦ 32 አንቴና አድርጉትና ተኙ።